ከሞያሌ ሞያሌ ለመደወል በአዲስ አበባና በናይሮቢ መዞር እስከ መቼ?

ርዕሰ አንቀጽ

«ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» ማለት በአገራችን ተራ ሰላምታ ነው። በነገሌ ቦረና፣ በፊልቱ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ግን ይህች አባባል ሰላምታነቷ ቀርቶ ጭንቀት ከሆነች ሰነበተች። ልጇን ሪያድ ወይም ቤይሩት የሰደደች እናት፣ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ የሚሠራለት ወጣት፣ እህቱን ከድንበሩ ማዶ ኬንያ የዳረ አርብቶ አደር፣ ሁሉም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። «ዘመዴን በስንት ብር ላግኘው?»

አዲስ አበባ ላይ ወሬው ሌላ ነው። ከግንቦት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ «አምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ገባልን» እየተባለ ሪባን ሲቆረጥ፣ ሲጨበጨብ፣ በቴሌቪዥን ሲታይ ከርመናል። እሰየው ነው። የዋና ከተማው ሰው በፍጥነት ቢጠቀም ማንም አይከፋውም። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ለምትገኘው ነገሌና ከእሷም ወዲያ ላሉት የቆላ ከተሞች ግን ቁም ነገሩ ፍጥነቱ አይደለም። ቁም ነገሩ «ሀሎ» ብሎ «ሀሎ» መስማት ነው።

ይህ ጋዜጣ ዛሬ የሚለው አንድ ነገር ነው። የባሕር ማዶ ዘመድን በርካሽ ማግኛው መንገድ አለ፤ በሕዝቡ እጅ ከገባም ቆይቷል። ያስወደደው የመሣሪያ እጦት አይደለም። ያስወደደው መንግሥት የሕዝብን ድምፅ ሲፈልግ እንደምትታለብ ላም፣ ሲፈራ ደግሞ እንደ ጠላት መሣሪያ የማየት ልማዱ ነው። መንግሥታት ተፈራረቁ፣ ባለሥልጣናት ተለዋወጡ፣ ልማዱ ግን ከወንበሩ ጋር ተረካክቦ ዛሬ ላይ ደርሷል።

ሰላምታው ሳያልቅ ደቂቃው አለቀ

ስልክ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከ130 ዓመት በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ፣ አብዛኛው አፍሪካ ስለ ስልክ ወሬውንም አልሰማም ነበር። በጊዜው ያለ አካል የሚናገረውን ድምፅ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው የሸሹ እንደነበሩ ይነገራል። ንጉሡ ግን አልሸሹም። ዛሬ ስናስበው የሚያስቀው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር የሚሰማውን ድምፅ ልክ እንደ ሰይጣን ሥራ የቆጠሩት የተማሩት ሹማምንት መሆናቸው ነው።

በዕድሜ ጠና ያሉ አንባቢዎቻችን ያስታውሱታል። ወደ ውጭ አገር ለመደወል ቴሌ ይኬድ ነበር። ቁጥር ያስመዘግባሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ኦፕሬተሯ ስምዎን ጠርታ ወደ ጠባቧ ክፍል ታስገባዎታለች። ከዚያ ልብ እየመታ ሰዓት እያዩ መጮኽ ነው። ከአነስተኛ ከተማ የመጣ ሰው ለዚህ ጥሪ ሲል የአውቶቡስ ሒሳብ ከፍሎ፣ አልጋ ይዞ አድሮ ይመለሳል። አንዳንዴም መስመሩ አልገኝ ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የቦረና ሰው ሰላምታ ደግሞ በደቂቃ አይለካም። «ነጋ?» ብሎ ከጀመረ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኤላው ውኃ ሳይጠይቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ቢገባ ነውር ነው። እንግዲህ ይህን ሰላምታ በውጭ ጥሪ ዋጋ መትራችሁ አስቡት። «ዝናቡስ?» ሲባል ካርዱ አለቀ! ጉዳዩ ገና አልተነሳም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚያገኘው የሰላምታውን ግማሽ ነው።

ይህ ጨዋታ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረናና በአካባቢው ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ ባለቀ ጊዜ፣ ብዙ ቤት ያቆየው ባሕር ማዶ ያለው ልጅ የላከው ገንዘብ ነው። ልጁ ገንዘብ የሚልከው ችግሩን ሲሰማ ነው። ችግሩን የሚሰማው ሲደወልለት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የስልክ ደቂቃ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ዱቄቱና እንደ ውኃው የቤት ቀለብ ነው።

ስካይፕ ሞተ፣ ፍርሃቱ ቀረ

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪና ፋክስ አገልግሎት መስጠት ተከለከለ። ያኔ በዓለም ዙሪያ ስደተኛውና ድሃው በኢንተርኔት አማካይነት በሳንቲም መነጋገር የጀመረበት ሰዓት ነበር። እኛ ዘንድ በሩ ተዘጋ። ይህም አልበቃ ብሎ በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 መጣ። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት፣ አገልግሎቱን ያገኘ ተጠቃሚም ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ ተጻፈበት። ልብ በሉ! አስደዋዩ ብቻ ሳይሆን ልጇን ልታናግር ኢንተርኔት ካፌ የገባችው እናትም ናት በወንጀል የተጻፈችው። «ባለማወቅ ነው» ብትልም አያድናትም፤ ሕጉ በቸልተኝነት የተጠቀመንም ይጨምራል።

በዚያ ዓመት ሰኔ ወር «ኢትዮጵያ ስካይፕ ከለከለች» የሚል ዜና ዓለምን ሲያዳርስ፣ ባለሥልጣናቱ ተጣድፈው «የተከለከለው ለንግድ የሚያስደውለው ነው፣ ለግል መጠቀም ወንጀል አይደለም» የሚል መግለጫ ሰጡ። መልካም። ግን ወረቀቱ ሌላ፣ መግለጫው ሌላ ሲሆን ድሃው የቱን ይመን? ፖሊስ በር ሲያንኳኳ መግለጫ አያነብም፤ የሚያነበው አንቀጽ ነው። ስካይፕ የተባለው አገልግሎት ራሱ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በባለቤቱ በማይክሮሶፍት ተዘግቶ ከዓለም ተሰናብቷል። ሕጉ ያስፈራራበት ዕቃ ሞተ፣ በሰዉ ልብ የተተከለው ፍርሃት ግን ዛሬም «ይህን መጠቀም ይቻላል እንዴ?» እያሰኘ በሕይወት አለ።

ለምን ተከለከለ? ምክንያቱን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ሲናገሩት ኖረዋል። ቴሌ «የምትታለብ ላም» ናት ተባለ። ከእሷ በሚታለበው ገንዘብ ባቡርና ግድብ ይሠራል ተባለ። ባቡርና ግድብ ማን ይጠላል? ጥያቄያችን ግን ይህ ነው፤ ከላሟ ጡት የሚታለበው የማን ወተት ነው? በዓረብ ቤት ወለል እየጠረገች ወር ሙሉ ከምታገኘው ቆርሳ ወደ እናቷ የምትደውለው ልጅ ናት ታላቢዋ! ነጋዴውማ ቢሮው ውስጥ ፋክሱም ኢሜይሉም ነበረው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ

አንባቢያን አንድ ነገር ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ዘመዳችሁ ከአሜሪካ ወይም ከሳዑዲ ይደውላል፤ ስልካችሁ ላይ የሚታየው ግን 09 ብሎ የሚጀምር የአገር ውስጥ ቁጥር ነው። «አገር ገባህ እንዴ?» ብላችሁ የደነገጣችሁ ትኖራላችሁ። አልገባም። ነገሩ «ሲም ቦክስ» የሚባለው ሥራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከውጭ የተነሣ ጥሪ ኢትዮጵያ ሲደርስ፣ የኢትዮጵያው ኩባንያ ጥሪውን ተቀብሎ እስከ እርስዎ ስልክ ለማድረስ ከውጭው ኩባንያ በውጭ ምንዛሪ ክፍያ ይቀበላል። ይህ ክፍያ ከፍ ባለ መጠን ደዋዩ የሚከፍለው ይንራል። አቋራጭ ፈላጊ ደላላ ደግሞ ጥሪውን በኢንተርኔት አስገብቶ፣ ብዙ ሲም ካርድ በታጨቀበት ሣጥን አሳልፎ፣ እንደ ተራ የሰፈር ጥሪ ያስመስለዋል። ልዩነቱ ኪሱ ይገባል። ድምፁ ይቆራረጣል፣ የደዋዩ ማንነት ይጠፋል፣ አገርም ምንዛሪ ታጣለች። ይህ ማጭበርበር መሆኑን አንክድም፤ የሚሠሩትንም አንደግፍም።

ነገር ግን «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» እንዲሉ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሣጥኑ ላይ መለጠፍ አያዋጣም። ኮንትሮባንድ የሚያብበው የቀረጥ ግንብ በረዘመበት ቦታ ነው። መደበኛው በር ረክሶ ቢከፈት ማን በመስኮት ይሾልካል? ሣጥኑን የወለደው ዋጋው ነው። ዋጋውን ሳይነኩ ሣጥን ማሳደድ ቅጠል እየቀነጠሱ ሥሩን ውኃ ማጠጣት ነው።

ድንበሩን ዕቃ አለፈው፣ ድምፅ ቀረ

አሁን ወደ ሞያሌ እንውረድ። ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት። ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ። ቦረናው፣ ገሪው፣ ቡርጂው ወዲህም ወዲያም አለ። ከብቱ አንድ ኤላ ይጠጣል፤ ሙሽራዋ ከወዲህ ትዳራለች ከወዲያ ትወልዳለች። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገድለው ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ሲሸሽ፣ የሸሸው ሰው የቀረውን፣ የቀረው የሸሸውን ለማግኘት የነበረው ገመድ ስልክ ነው።

ታዲያ ከኢትዮጵያ ሞያሌ ኬንያ ሞያሌ መደወል ምን ይባላል? የውጭ ጥሪ ይባላል! አስፋልቱን ተሻግራ በእግሯ በደቂቃዎች ውስጥ የምትደርስበትን እህቷን በስልክ ለማግኘት የምትሞክር ሴት፣ ድምፅዋ ወደ ሰሜን አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ከዚያ በናይሮቢ በኩል ዞሮ፣ ተመልሶ ከመንገዱ ማዶ ይወርዳል። ክፍያውም በዚያው ልክ ነው። ሕዝቡ ግን ሞኝ አይደለም። የኬንያው ሞገድ ድንበር ስለማያውቅ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሲም ይዞ ይኖራል። አንዱ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለዘመድ። ገንዘብ እንኳን በኬንያው ስልክ ሲላላክ የኖረው እኛ አገር የሞባይል ገንዘብ ገና ሳይታሰብ ነው። ዶሎ አዶም ያው ነች። ገናሌና ዳዋ በሚገናኙበት በዚያ ሥፍራ ሦስት አገር ይገጥማል፤ የማንዴራው የኬንያ፣ የማዶው የሶማሊያ ነው፣ ሕዝቡ ግን አንድ ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች ሞያሌ ላይ ተገናኝተው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። የጭነት መኪና በአንድ ማቆሚያ ሰነዱን ጨርሶ እንዲያልፍ ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሲሚንቶና ባቄላ በአንድ መስኮት ሲያልፍ የእናት ድምፅ በሁለት ዋና ከተማ እንዲዞር የሚፈርድ አሠራር ምን ይባላል?

«አይቻልም» የሚለን ካለ ጎረቤትን ይመልከት። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2007 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ «አንድ የኔትወርክ ቀጠና» ብለው ተስማምተው፣ በመካከላቸው የሚደረገው ጥሪ ላይ ጣሪያ አበጁለት። ደቡብ ሱዳንም ተከተለች። በደቂቃ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ በሆነው በዚህ ጣሪያ ምክንያት በነዚያ አገሮች መካከል የሚደወለው ደቂቃ በአንድ ጊዜ በእጥፍ ድርብ አደገ። ኩባንያዎቹ አልከሰሩም፣ መንግሥታቱም አልፈረሱም። እኛ ከኬንያ ጋር ኤሌክትሪክ በሽቦ እየሸጥን ድምፅ ለመሸጥ ተራራ የሚሆንብን ለምንድን ነው?

በሌላ በኩል የኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ ገዝቶ፣ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያም በይፋ እየሠራ ነው። አንድ ስም ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ማለት ነው። ያም ሆኖ ከወዲህኛው ወደ ወዲያኛው ሲደወል ያው የውጭ ጥሪ ነው። ኢትዮጵያ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተባለ ተቆጣጣሪ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 አቋቁማለች። ይህ ባለሥልጣን ሥራው ፈቃድ መሸጥ ብቻ ካልሆነ፣ የድንበር ከተሞች ታሪፍ የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ ሊቀመጥ ይገባል።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

መንግሥት እስኪሰማ ሕዝብ መደወሉን አያቆምም። ስለዚህ ጋዜጣችን ከሚያውቀው ጥቂት ይበል።

በኢሞ፣ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በመሰል አፕሊኬሽን የሚደረግ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ የሚበላው በአብዛኛው ከአንድ ሜጋ ባይት ያነሰ ነው። ስለዚህ 100 ሜጋ ባይት ያለው ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሊያወራ ይችላል። ሒሳቡን የሚያራቁተው ቪዲዮው ነው፤ ብዙ እጥፍ ይበላል። የልጁን መልክ ለማየት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ፣ ለወሬው ግን ድምፅ ብቻ ማድረግ ብልህነት ነው። በዋትስአፕ ማስተካከያ ውስጥ ጥሪ አነስተኛ ዳታ እንዲጠቀም የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ያብሩት። ዳታውን በጥቅል እንጂ ከዋና ሒሳብ አይጠቀሙ፤ የሌሊት ጥቅል ደግሞ ከቀኑ ይረክሳል። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኬንያ ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ በመሆኑ ቀጠሮ መያዝ አያስቸግርም።

ኔትወርኩ ለጥሪ ከደከመ የድምፅ መልእክት ይላኩ። ሰላምታውን በሙሉ፣ ከብቱንም ዝናቡንም ጠይቀው ቀድተው ቢልኩት ሞገድ ባገኘ ሰዓት ይሄዳል። ማንበብ ለማይችሉ አባትና እናት ከዚህ የተሻለ ደብዳቤ የለም።

ቁልፍ ስልክ ብቻ ያላቸው ደግሞ ዘመዳቸው ከዚያ እንዲደውል ያድርጉ። እዚህ ለተቀባይ ክፍያ የለም። ባሕር ማዶ ያለው ሰው ወደ ተራ ቁጥር የሚያስደውሉ አፕሊኬሽኖችን ዋጋ አወዳድሮ ይግዛ፤ የሚሸጡ የጥሪ ካርዶች ላይ የሚጻፈው ደቂቃና በእውነት የሚያስወሩት ደቂቃ አንድ እንዳልሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ከገጠር ለሚመጣ ሰው የገበያ ቀንን ቀጠሮ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ከተማ ሲገባ ሞገድም ሰውም ያገኛል።

ሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት መደወልን የሚከለክለውን ደንብ በመስከረም 2010 ዓ.ም. አንስታለች። በዓረብ ኤምሬትስ ግን የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ሲሆን፣ ሰዉ ፈቃድ ያላቸውን እንደ ቦቲም ያሉትን ሲጠቀም ነው የቆየው። ልጅዎ ዱባይ ሆና «አልሠራ አለኝ» ካለች እርስዎ ጋ ያለውን ስልክ አይውቀሱ።

በዶሎ አዶ ዙሪያ ባሉት በቦቆልማዮ፣ በመልካዲዳ፣ በቆቤ፣ በሂሎወይንና በቡራሚኖ መጠለያዎች ላሉ ስደተኞች ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ለማገናኘት የነፃ ስልክ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። ዘመዱ የጠፋበት ሰው ይጠይቅ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ከማያውቁት የውጭ ቁጥር አንዴ ጠርቶ የሚቋረጥ ሚስኮል ከመጣ መልሰው አይደውሉ፤ ሒሳብ መጥለፊያ ነው። ደግሞም በስልክዎ የመጣን ኮድ «ላክልኝ» ለሚል ሰው፣ የወንድምዎ ፎቶ ቢኖረውም እንኳ አይስጡ። የተጠለፈ ኢሞና ቴሌግራም ስንቱን ዘመድ «ታስሬያለሁ ገንዘብ ላኩ» እያለ አልቅሶበታል!

መብራቱንም መስመሩንም ማጥፋት

ይህ ሁሉ ምክር ግን ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል፤ ኢንተርኔቱ ካለ ነዋ! በሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል መንግሥት የመላ አገሪቱን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ግድም ዘጋ። በዚያው ሰኔ ወር በቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ በአሠሪዎቻቸው የተጣሉ እህቶቻችን አስፋልት ላይ ነበሩ። እናቶቻቸው በምን ያግኟቸው? በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ ስልኩም ኢንተርኔቱም ለወራት ተቆርጧል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ሁለት ዓመት ያህል ድምፅዋ ጠፍቶ፣ በውጭ ያለ ልጅ የእናቱን ሞት ወር ቆጥሮ ሰምቷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ተራው የአማራ ክልል ሆነ።

«ለጸጥታ ሲባል ነው» ይሉናል። የጸጥታ ኃይል ሥራው ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ የጥላቻ ቅስቀሳ ሰው እንደሚያስገድልም አይተናል። ነገር ግን አንድ ሌባ ለመያዝ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አፍ መለጎም ጸጥታ አይባልም። መስመር ሲዘጋ ተኳሹ በሬዲዮው ይነጋገራል። የሚቆረጠው የመድኃኒት፣ የገንዘብና የዘመድ መስመር ነው። ወሬ የጠፋበት ሕዝብም ከሚሰማው የባሰውን ያምናል።

«ርካሽ ከሆነ በምን ኔትወርክ እንዘርጋ?» የሚለውም ክርክር ቀላል አይደለም። ቆላው ሰፊ ነው፣ ሰዉ ተበታትኖ ይኖራል፣ ማማ መትከል ያስወጣል። ሐቅ ነው። መልሱ ግን ከራሱ ከኩባንያው ታሪክ ይገኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ድምፅን 40 ከመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 ከመቶ ሲቀንስ ሰማይ አልተደፋም፤ ደንበኛውም ገቢውም አደገ እንጂ። ስናመሰግን እናመሰግናለን፤ ያ ውሳኔ ጥሩ ነበር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኩባንያው 10 ከመቶ ድርሻ ለሕዝብ ለሽያጭ ሲቀርብ ዜጋው «ባለቤት ሁን» ተብሏል። ባለቤት የተባለ ሰው ታዲያ ቢያንስ መስመሩ መቼና ለምን እንደሚዘጋ ሊነገረው አይገባም?

ከሁሉ የከፋው ደግሞ እዚያ ማዶ ያለው ነው። በዓረብ አገር ብዙ አሠሪዎች የሠራተኛዋን ፓስፖርት ብቻ ሳይሆን ስልኳንም ይቀማሉ። ስልክ የሌላት ልጅ ብትደበደብም፣ ደመወዟ ቢከለከልም፣ ብትታመምም የሚሰማላት የለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲባረሩ የተመለሱት የተናገሩትን ሰምተናል። ስለዚህ የመንግሥት ሥራ ታሪፍ ማውጣት ብቻ አይደለም። በሥራ ስምሪት ውል ውስጥ «ሠራተኛዋ የራሷን ስልክ የመያዝና ቤተሰቧን የማግኘት መብት አላት» የሚለው በግልጽ ተጽፎ፣ የሚቀማ አሠሪ የሚጠየቅበት መንገድ ካልተበጀ፣ ዜጋ ልከን ዜጋችንን አናውቅም።

የምንጠይቀው

አንደኛ፤ የድንበር ከተሞች ታሪፍ ይውጣ። ከሞያሌ ሞያሌ፣ ከዶሎ አዶ ማንዴራ የሚደወለው እንደ ጎረቤት ጥሪ ይቆጠር። ኢትዮጵያም በምሥራቅ አፍሪካው አንድ የኔትወርክ ቀጠና ለመግባት ድርድር ትጀምር።

ሁለተኛ፤ ከውጭ ለሚገባ ጥሪ የሚጠየቀው ክፍያ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፣ ይቀነስም። ያኔ ሲም ቦክስ በፖሊስ ሳይሆን በገበያ ይሞታል።

ሦስተኛ፤ ዘመዱን በኢንተርኔት ያናገረ ሰው ወንጀለኛ እንዳልሆነ በቃል መግለጫ ሳይሆን በሕግ ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም፣ ሰው በሚገባው መልክ ይጻፍ።

አራተኛ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ጊዜ ገደብ መስመር መዝጋት ይቁም።

አምስተኛ፤ ማማ ሲተከል ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉት የቆላ ወረዳዎች ተራ ይድረሳቸው። ነገሌ የዞን ዋና ከተማ ሆነች፣ ቀጥሎ ዞኑ ተቀየረ፣ በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ቦረና ተባለ፣ ሕዝብ ተቃወመ፣ ተቃውሞው ተደፈጠጠ። የቢሮ ታፔላ ሲቀያየር የከረመበት ጉልበት ግማሹ ለመስመሩ ቢውል ኖሮ እናቶች ሞገድ ፍለጋ ኮረብታ ባልወጡ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናስታውስ። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሠፈረው ሠራዊት ያመፀው ዘውድ ለመገልበጥ አስቦ አልነበረም። የውኃ ፓምፑ ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም በማለታቸው ነው። ትንሽ ነገር ነበር፤ ሰሚ አጣ እንጂ። በዚያው ዓመት ምን እንደተከተለ ታሪክ ያውቀዋል። ገዢዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት ትልቁን ጩኸት ሲጠብቁ ትንሿን ድምፅ ባለመስማታቸው ነው። ዛሬ ከነገሌ የሚሰማው ትንሽ ድምፅ «ልጄን ላናግራት» የሚል ነው። ከዚህ ያነሰ ጥያቄ ከሕዝብ አይመጣም።

የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ስልኩ እየጠራ ነው። አንሡት!